የጫንያለው አርባ ወንበሮች

ዕቃ ልኮ ራሱ የሚቀር ሰው ሲያጋጥም፣ የዚህ ከተማ ሽማግሌዎች አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈን አድርገው የሚሏት አንዲት አባባል አለች። አባባሏን ሁሉም ይላታል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ አውቃለሁ። የምነግራችሁም ከመጀመሪያዋ ፊደል እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው፤ ውሸት ካለባት የፊት ጥርሴ ይርገፍ። አንዱ ከዚህ በፊት ረግፏል፤ እሱ ግን በሌላ ታሪክ ነው።

ጫንያለው ደግፌ የሚባል ወንበር ሠሪ ነበር። እጁ የተባረከ ነው። እሱ በሠራው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መነሣት ስለሚያስጠላው፣ እንግዳ የማይወዱ ሰዎች ከሱ አይገዙም ይባላል። ሚስት አላገባም። «መቼ ነው የምታገባው?» ሲሉት «ይቺን የጀመርኳትን ቁምሣጥን ልጨርስና» ይላል፤ ቁምሣጥኗም አታልቅም። በዓለም ላይ የቀሩት እናቱ እማማ አዛለች ብቻ ናቸው፤ እሳቸውንም ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ከሸኖ ማዶ ከትውልድ አገራቸው አምጥቷቸው አብረውት ይኖራሉ።

እማማ አዛለች ከተማ በገቡ በሳምንታቸው፣ በኪራይ ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ልጃቸውን ጠሩት።

«ጫኔ፣ እዚህ ሰፈር ስንት ሰው ያውቅሃል?»

«ባለሱቁ ያውቀኛል።»

«ስምህን?»

ጫንያለው አሰበ፣ አሰበ። «‹ወንድም› ነው የሚለኝ።»

እማማ አዛለች መሬቱን በምርኩዛቸው ጫሩ። «እኔ እንግዲህ ብዙ አልቆይም» አሉ። «አገሬ ብሆን ሸኚዬ መንገዱን ይሞላው ነበር። እዚህ ብሞት ግን አንተና ባለሱቁ ተሸክማችሁ እንዳታወጡኝ። ሰው ያለበት ሰፈር ፈልግልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

«እፈልጋለሁ እማዬ።»

«ማልልኝ።»

«አባዬ ይሙት!»

«አባትህማ ሞቷል። በሌላ ማል።»

«እማዬ ትሙት!»

«እሱ ነው እንግዲህ ነገሩ» አሉ እማማ አዛለች።

ጫንያለው በማግስቱ ደላላ ያዘ። ደላላው ፈጠነ ይባላል። እንደልማዱ «ስንት ክፍል ይሁን? ውሃ በየስንት ቀኑ? መኪና ያስገባል ወይ?» ብሎ ሊጀምር ሲል ጫንያለው አቋረጠው።

«ለቅሶ ያለበት ሰፈር ውሰደኝ።»

«ምን ያለበት?»

«ለቅሶ። ድንኳን የተተከለበት። ገብቼ ላየው ነው።»

«ቤቱን?»

«ለቅሶውን።»

ፈጠነ በደላላነት ዘመኑ ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቷል፤ ግቢውን በእርምጃ የሚለካ፣ ግድግዳውን በጆሮው የሚያዳምጥ፣ አንዱማ አፈሩን ቀምሶ «ጨው በዛበት» ያለ አለ። ለቅሶ የሚያማርጥ ግን አይቶ አያውቅም።

«ጌታው፣ ሰዎች ሲያማርጡ ፀጥታ ነው የሚያዩት፣ መንገድ ነው የሚያዩት…»

«ሰርግ ላይ ሁሉም ይመጣል፤ ሥጋ አለ» አለ ጫንያለው። «ሰፈር የሚታወቀው በለቅሶ ነው።»

ይህን ያህል ያወቀ ሰው በኋላ ያንን የመሰለ ስህተት መሥራቱ ነው የሚገርመኝ።

መጀመሪያ የሄዱት አጥሩ ሁለት ሰው ከፍታ ካለው፣ ከላይ ሽቦ ከተጠመጠመበት ሰፈር ነው። ድንኳኑ ነጭ፣ ምንጣፉ ቀይ። ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ዘጠኙ ስልኩን ያያል። ጥበቃው ጫንያለውን በር ላይ ያዘው።

«የማን ወገን ነህ?»

«የሟች። ለመሆኑ ሟቹ ማን ናቸው?»

«እኔንማ አልነገሩኝም» አለ ጥበቃው።

ሁለተኛው ኮንዶሚኒየም ነው። እዚያ እንኳ ሰው አለ፤ ይገባል፣ ይወጣል። ጫንያለው አንዱ አጠገብ ተቀመጠ። ሰውየው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «ሟች ስንተኛ ፎቅ ነበሩ?» አለው።

«እኔ እንግዳ ነኝ። አንተስ?»

«እኔማ እዚሁ ነኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ።»

ሟቹ ከሰውየው በር ፊት ለፊት ስድስት ዓመት እንደኖሩ ጫንያለው የሰማው ሲወጣ ነው።

በሦስተኛው ቀን ፈጠነ ተስፋ ቆርጦ ጠጅ ሳር ሰፈር ወሰደው። መንገዱ ኮረኮንች፣ ቤቱ የጭቃ፣ ቆርቆሮው እርስ በርሱ የተደጋገፈ ሰፈር ነው። ከአንድ ዛፍ ሥር የተቀዳደደ ድንኳን ተተክሎ፣ ግማሹ ሰው ድንጋይ ላይ፣ ግማሹ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጫንያለው ገብቶ ሳይረጋጋ አንዲት አሮጊት መጥተው እጁ ላይ ንፍሮ ዘገኑለት።

«የማን ልጅ ነህ? ፊትህ አዲስ ነው። ና ከዚህ፣ እዚያ ያፈሳል።»

ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ ድንኳኑም አፈሰሰ። ስምንት ወንዶች ብድግ ብለው ሸራ ዘረጉና በእጃቸው ከፍ አድርገው ያዙት፤ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ እጃቸውን አላወረዱም። ውሃው በክንዳቸው እየወረደ በብብታቸው ይንቆረቆራል።

«ሟቹ ትልቅ ሰው ነበሩ?» አለ ጫንያለው።

«ዘበኛ ነበር» አሉት አሮጊቷ። «ዘመድ የለውም። ዘመዶቹ እኛ ነን።»

ጫንያለው እዚያው ለደላላው «እዚህ ቤት ፈልግልኝ» አለው። ፈጠነ ያሳየው ቤት ግን እንኳን ደንበኛውን ደላላውን የሚያሳፍር ነበር፤ ጣሪያው ሰማይ ያሳያል።

«ያፈሳል እኮ፣ ቀድሜ ልንገርህ።»

«ቤቱ ያፍስስ» አለ ጫንያለው። «ሰፈሩ አያፈስም።»

እናትና ልጅ ገቡ። ንፍሮ የሰጡት እኚያ አሮጊት እትዬ ተዋበች ጎረቤታቸው ሆኑ። በሳምንቱ ደግሞ የእድሩ ዳኛ ሻምበል ጎሹ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ሻምበል ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው።

«ደንባችን አጭር ነው» አሉ። «ጋሽ ቱፋ ጡሩንባ ሲነፉ ከያንዳንዱ ቤት የቤቱ ባለቤት ይወጣል። መቃብር ይቆፍራል፣ ሬሳ ይሸከማል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ስም እጠራለሁ። ‹አለሁ› ይላል።»

ጫንያለው ራሱን አከከ። የተቀበለው ሥራ አለ፤ ቁምሣጥኗም አለች። «ሻምበል፣ እኔ በሥራ ቀን እንዴት ብዬ እቀመጣለሁ?»

«እንደሌላው ሰው። በቂጥህ።»

እማማ አዛለች ጥግ ላይ ሆነው ሳቁ። ጫንያለው ግን ሐሳብ መጥቶለት ነበር። ያን ጊዜ ዓይኑ እንዴት እንደበራ ያየ ሰው ነግሮኛል።

«እናንተ የጎደላችሁ ሰው አይደለም፤ ወንበር ነው» አለ። «በዓይኔ አይቻለሁ፣ ድንጋይ ላይ ነው የምትቀመጡት። አርባ ወንበር እሠራላችኋለሁ። ከዋንዛ እንጨት፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ። ጡሩንባ በተነፋ ቁጥር ወንበሮቼ ይመጣሉ። እኔን ግን ከመቀመጡ ማሩኝ። ወንበሬ ከተቀመጠ እኔ ተቀመጥኩ ማለት ነው።»

ሻምበል ጎሹ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ስምህን ስጠራስ?»

«በየመደገፊያው ላይ ስሜን በቀይ ቀለም እጽፍበታለሁ። ከዚህ በላይ መገኘት ምን አለ?»

«ጫኔ» አሉ እማማ አዛለች፤ አሁን እየሳቁ አልነበረም። «ተው ልጄ።»

«እማዬ፣ አንቺ አይገባሽም፤ ይሄ የከተማ አሠራር ነው።»

ሻምበል መዝገቡን ገለጡ፣ እየጮኹ እያነበቡ ጻፉ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ድምፅ ሳያሰሙ ጨመሩና አዞሩለት። ጫንያለው ቸኩሏል፤ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሰባት ወር አለፈ። ጡሩንባ ሲነፋ ጫንያለው መጋዙን ሳያቋርጥ «ወንበሮቼ ሄደዋል» ይላል። ለቅሶ ቤት ሻምበል ስም ይጠራሉ፤ «ጫንያለው ደግፌ!» ሲሉ አንዱ ተነሥቶ የወንበሩን መደገፊያ በጣቱ ቋ ቋ ያደርግና «አለ!» ይላል። በመጀመሪያው ወር ሰው ይስቅ ነበር። በሁለተኛው ወር ፈገግ አለ። በሦስተኛው የሚስቅ ጠፋ፤ ቋቋታው ብቻ ቀረ። ጫንያለው ይህን ሁሉ አላየም። እናቱ አንዳንድ ቀን ወደ ማታ እግራቸው አቧራ ለብሶ ሲገቡ እንኳ «ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ?» ይላል እንጂ የት እንደዋሉ አይጠይቅም።

አንድ ሐሙስ ንጋት ላይ እማማ አዛለች አረፉ።

ጫንያለው በባዶ እግሩ ወደ እትዬ ተዋበች ሮጠ። እትዬ ተዋበች ገቡ፣ የሟቿን ዓይን ከደኑ፣ አገጫቸውን አሰሩ፣ ከዚያ ዞረው «አንተ ውጣ» አሉትና በሩን ከውስጥ ዘጉት። «አይዞህ» አላሉትም። ወዲያው ከላይኛው መንገድ የጋሽ ቱፋ ጡሩንባ ተሰማ።

«የጠጅ ሳር ሰፈር ሰዎች! እማማ አዛለች አርፈዋል! ቀብር ስምንት ሰዓት!»

ጫንያለው እንባውን በክንዱ ጠርጎ ደጁ ላይ ቆመ። አሁን ሰፈሩ ይወጣል። ይሄን ሰፈር የመረጠው ለዚህ ቀን ነው።

ጋሪ መጣ። ሁለት ባለጋሪዎች ድንኳኑን ከቤቱ ፊት ለፊት ተከሉ፣ አርባውን ወንበር አንድ በአንድ አወረዱ፣ በአራት ረድፍ ደረደሩ። ከዚያ እጃቸውን አራገፉ።

«ሌላው ሰውስ?» አለ ጫንያለው።

«እኛ ዕቃ አድርሱ ነው የተባልነው ጌታዬ። አድርሰናል» ብለው ጋሪያቸውን ጥግ አቁመው ጥላ ሥር ጋደም አሉ።

ጫንያለው ከኋላ ተቀመጠ። ከፊቱ የወንበሮቹ መደገፊያ ተደርድሯል። ጫንያለው ደግፌ። ጫንያለው ደግፌ። ጫንያለው ደግፌ። የገዛ እጁ ጽሕፈት ነው፤ ‹ጫ› ላይ ቀለሟ ትንሽ ወርዳለች።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ማንም የለም። አራት ሰዓት ሆነ። ከፊት ለፊት ያለው ቤት በሩ ተዘግቷል። ሱቁ ተዘግቷል። ሁልጊዜ ገበጣ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች እንኳ ከዛፉ ሥር የሉም። ዶሮ ብቻ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ዞር ዞር ብላ አየችና ደስ ሳይላት ወጣች። ጫንያለው ሰፈሩ እንዲህ ጭጭ ሲል ሰምቶ አያውቅም።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የእናቱ ታላቅ ወንድም አያ ወንድይፍራው ናቸው።

«ሰንዳፋን አልፈናል» አሉ። «ስምንት ነን፣ ሁላችንም ሽማግሌ ነን፤ ወጣቶቹ አጨዳ ላይ ናቸው። ሬሳውን የሰፈርህ ሰው ይሸከምልን። ስማኝማ፣ እህቴ ከሰው ጋር ናት?»

ጫንያለው አርባውን ወንበር አየ። «ናት» አለ።

«ብዙ ሰው ነው?»

«ድንኳኑ ሞልቷል አያ።»

«እሰይ! እግዜር ይስጣቸው። እሷም ሁልጊዜ ‹ልጄ ሰው ያለበት ሰፈር መረጠልኝ› ትለኝ ነበር።»

ስልኩ ተዘጋ። የሟች ልጅ ከድንኳን ወጥቶ ሰው አይለምንም፤ ነውር ነው። እሱ ግን ተነሣና ሄደ።

ሻምበል ጎሹን በራቸው ላይ አገኛቸው። ዝናብ ሳይኖር ጫማቸው በቀይ አፈር ተለውሷል። ተመልሰው ሊወጡ ይመስሉ ነበር።

«ምን ጎደለ?» አሉት። «ድንኳኑ አልመጣም?»

«መጥቷል።»

«ወንበሩስ?»

«መጥቷል።»

«አርባውም?»

«አርባውም።»

«እንግዲህ ሙሉ ነው።»

«ሰው ነው ያልመጣው ሻምበል! ሰው!»

ሻምበል ገብተው መዝገቡን አመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። «‹አባል ጫንያለው ደግፌ ጡሩንባ በተነፋ ጊዜ በራሱ ፈንታ አርባ ወንበር ይልካል። ወንበሩ ከተቀመጠ እሱ እንደተቀመጠ ይቆጠራል።› ፊርማው የማን ነው?»

«የኔ።»

«ከሥር አንድ መስመር አለች። ያን ቀን ቸኩለህ ነበር። ‹እድሩም ለአባሉ በዚያው መልክ ያደርጋል።›» መዝገቡን ዘጉ። «ሃያ ሦስት ለቅሶ ላይ ወንበር ልከሃል። ወንበርህ አንድ ቀን አልቀረም፣ እመሰክራለሁ። ዛሬ እኛም ወንበር ላክን።»

«እናቴ ናት እኮ!»

«አውቃለሁ።» ሻምበል መነጽራቸውን አወለቁ። «የእትዬ ተዋበች ባልም ባል ነበር። የጋሽ ቱፋ ልጅም ልጅ ነበረች። ቋ ቋ አደረግንልህ፤ ‹አለ› አልንልህ። ሂድ አሁን፣ ከሬሳህ አትራቅ።»

ጫንያለው እንዴት እንደተመለሰ አያውቀውም። የቤቱን በር ቆረቆረ፤ እትዬ ተዋበች ከውስጥ «ገና ነን» ብቻ አሉት። ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሰባት ሰዓት ሆነ። አሁን በልቡ ተሸካሚ መቁጠር ጀመረ፦ እሱ አንድ። አጎቱ ጎባጣ ናቸው። የቀሩት ሰባቱ በምርኩዝ የሚሄዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ዓይኑ ጥግ ላይ ወደ ቆመው ጋሪ ሄደ፤ ወንበሮቹን ወዳመጣው ጋሪ።

«አትሂዱ» አላቸው ባለጋሪዎቹን። «ምናልባት… ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ነገር ትጭኑልኛላችሁ።»

«ምን?»

ጫንያለው ዓይኑን ወደ ቤቱ በር አዞረ። ባለጋሪው የተዘጋውን በር አየ፣ ጫንያለውን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ልክ ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ረድፍ አንዱ ወንበር፣ ማንም ሳይነካው፣ በግንባሩ ተደፋ።

የእናቱን ዘመዶች ያመጣው ሚኒባስ ከታች ክላክሱን አሰማ።

አያ ወንድይፍራው «እህቴን! እህቴን! የናቴን ልጅ!» እያሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ሰባት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። ድንኳኑ መሐል ሲደርሱ እጃቸው ደረታቸው ላይ ቀረ። ግራ አዩ። ቀኝ አዩ። ፊደል ባይቆጥሩም፣ አርባው ወንበር ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ አንድ ዓይነት መሆኑን አዩ።

«ጫንያለው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰዎቹ የታሉ?»

ጫንያለው ዓይኑን ወደ ወንበሮቹ መለሰ።

«የሞላው ምንድን ነው፣ ልጄ? እህቴን ከማን ጋር ነው ያዋልካት?»

መልሱ የመጣው ከዳገቱ ነው። መጀመሪያ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ የአካፋ ኳኳታ። የሰፈሩ ወንዶች በሙሉ፣ ሻምበልና ጋሽ ቱፋ ከፊት፣ እስከ ጉልበታቸው ቀይ አፈር ለብሰው ወረዱ፤ ከንጋት ጀምሮ መቃብር ሲቆፍሩ ነበር። ከእትዬ ተዋበች ጓሮ ደግሞ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ የንፍሮ ድስት ተሸክመው ወጡ። የተዘጋው ቤት ሁሉ ባዶ ስለነበር ነው የተዘጋው። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። መጥተው ድንኳኑን ከበቡት። አንድም ሰው ግን ወደ ውስጥ አልገባም። ፀሐዩ ላይ ቆሙ።

የቤቱ በር ተከፈተና እትዬ ተዋበች ከደጃፉ ላይ ሙሾውን አወረዱት፦

«ምርኩዟን ይዛ መጥታ ሐዘኔን ያዘለች፣
ዛሬ እኔ ስጠራት ምነው ዝም አለች!»

ሕዝቡ አንድ ላይ አነባ። ጫንያለው ከወንበሮቹ መሐል ሆኖ ያያል። አንዷ «የልጄ ለቅሶ ጊዜ ሦስት ቀን አጠገቤ ዋሉ» ትላለች። ሌላው «ያ ጉልበታቸው እያመማቸው!» ይላል።

ሻምበል ጎሹ ወደ ድንኳኑ አፍ ብቻ ቀረቡ። «ለአንተ ብለን የመጣን እንዳይመስልህ» አሉ። «ሃያ ሦስቱም ለቅሶ ላይ ወንበርህን ስናንኳኳ፣ ከኋላ ‹እኔም አለሁ› የሚል የእናትህ ድምፅ ነበር። መዝገቤ ላይ ስማቸውን ለብቻ ጽፌዋለሁ። ለአንተ የላክነው ይኸው አጠገብህ ነው። እሳቸውን ግን እኛ ነን የምንሸኛቸው።»

ሸኟቸው። ሬሳው ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ ዳገቱን ወጣ፤ መንገዱ ሞላ፤ አያ ወንድይፍራው እያለቀሱ «እንዲህ ነው እንጂ!» ይሉ ነበር። ጫንያለው የቃሬዛውን ጫፍ ሊይዝ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ የሌላ ሰው እጅ ቀድሞት ነበር።

ከቀብር ተመልሰው እጃቸውን ታጠቡ። ንፍሮው ወጣ። ሕዝቡ አሁንም ከድንኳኑ ውጪ ቆሟል፤ ከጠዋት ጀምሮ የቆፈሩት ጋሽ ቱፋ እግራቸው ይንቀጠቀጣል።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ ጫንያለው። «እባካችሁ። ጋሽ ቱፋ፣ ይኸው ወንበር።»

«ተይዟል» አሉ ጋሽ ቱፋ።

«ማን ያዘው? ባዶ ነው እኮ!»

«አንብበዋ።»

ጫንያለው ዞሮ አነበበ። ሁሉንም ረድፍ አነበበ፤ ሌላ ስም ያገኝ ይመስል። ከዚያ ከድንኳኑ ወጣ፣ ፀሐዩ ያቃጠለው አፈር ላይ፣ ከሕዝቡ እግር ሥር ቁጭ አለ። ጥቁር ሱሪው አቧራ ሆነ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘና፣ ከንጋት ጀምሮ ያልወጣለት ለቅሶ ወጣ፤ እንደ ሕፃን።

ሻምበል አላዩትም። ሰው ሁሉ ቆሞ ቀረ። እንዲህ ሆኖ ብዙ የቆየ ይመስለኛል። በመጨረሻ አንድ ቀሚስ ተንኮሻኮሸ፤ እትዬ ተዋበች ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከንፍሮው ዘገኑና እጁ ላይ አደረጉለት። ቀጥሎ ጋሽ ቱፋ ተቀመጡ። ቀጥሎ ሻምበል ጎሹ ረጅም እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ያ ወንበር ማንም ሳይነካው ተደፋ ያልኩት ከራሴ የጨመርኩት ነው፤ ወንበር ሁሉ ቆሞ ነበር፣ ታሪኩ ሲያስጨንቀኝ እኔ ነኝ የጣልኩት። የቀረው ግን እውነት ነው፤ አያ ወንድይፍራውም ሁለት መቶ ሰው አፈር ላይ ተቀምጦ፣ አርባ የዋንዛ ወንበር ጥላ ሥር ባዶውን ተደርድሮ ሲያዩ፣ «የከተማ ሰው ምን ነክቶታል፣ ይሄን የመሰለ ወንበር እያለ?» ብለው መጠየቃቸው እውነት ነው፤ እትዬ ተዋበችም የጫንያለውን ጀርባ እያሻሹ፣ ወደ ድንኳኑ ቀና ሳይሉ የመለሱላቸው ቃል ይኸው ነው፦ «ወንድሜ፣ ወንበር ለላከ ወንበር ያለቅስለታል።»